ጡት ስር መቆም መጥባት አይደለም፦ ፍየል ከወለደች በኋላ ስላሉት ቀናት የኔ ተሞክሮ

ሰላም ለሁላችሁ። ፍየል ማርባት ከጀመርኩ ስድስት አመት ሆኖኛል፣ አሁን 11 እናት ፍየሎች አሉኝ። ይሄን የምጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍየላቸው ልትወልድ የደረሰች ሰዎች እኔ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባቸው ብዬ ነው።

የመጀመሪያዋ ፍየሌ ዳለቻዋ ማታ ላይ መንታ ወለደች። ምጡ ቀላል ነበር፣ ሁለቱም ቆሙ፣ እናትየው እየላሰች አደረቀቻቸው፣ ከዛ ሁለቱም ጡት ስር ገብተው ጅራታቸውን ሲያወዛውዙ አየሁና እየጠቡ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ገብቼ ተኛሁ። ጠዋት ስመጣ ትንሹ ግልገል ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ ተኝቷል፣ አንገቱን ወደ ጎን አዙሯል፣ ጣቴን አፉ ውስጥ ሳስገባ ምላሱ ቀዝቅዟል። ደነገጥኩ፣ ሮጬ ወተት አሙቄ በጡጦ አመጣሁና አፉን ከፍቼ በግድ ጨመርኩለት፣ አሳለው፣ ግማሽ ሰአት ሳይሞላ እጄ ላይ ሞተ። ቀኑን ሙሉ ምን አጠፋሁ ስል ነው የዋልኩት።

በኋላ ግቷን ስነካካው አንደኛው ጡት ጫፉ ላይ ሰም በመሰለ ነገር ተደፍኗል። ትልቁ ግልገል ክፍቱን ጡት ይዞ እየጠባ፣ ትንሹ የተደፈነውን ሲጎትት ነው ያደረው። ጡት ስር ነበር፣ ጅራቱም ይወዛወዝ ነበር፣ ግን ሆዱ ውስጥ የገባ ነገር የለም። እና እኔ ደግሞ የቀዘቀዘ ግልገል ላይ ወተት አፈሰስኩበት፣ መጀመሪያ ማሞቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ ጡት ስር የቆመ ግልገል ሳይ አላምንም፣ በእጄ ነው የማረጋግጠው።

አሁን እንዴት እንደማደርግ ልንገራችሁ።

ግልገሉ ሲወጣ መጀመሪያ የማየው መተንፈሱን ነው። አፍና አፍንጫው ላይ ያለውን ለሃጭ በንጹህ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ካልተነፈሰ አንድ ዘለላ ጭድ አፍንጫው ውስጥ ቀስ ብዬ አስገባና አነካካዋለሁ፣ ያስነጥሰዋል፣ ከዛ ጎኑን በደረቅ ፎጣ ጠንከር አድርጌ አሻለሁ። አብዛኛው በዚህ ይነሳል። ከተነፈሰ በኋላ ግን እጄን ሰብስቤ እናቱ አፍንጫ ስር አስቀምጠዋለሁ። መላሱን ለእሷ ተዉላት። ስትልሰው ያደርቀዋል፣ ያነቃዋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠረኑን የምትለየው በዛ ሰአት ነው። ልጄ የምትለው የላሰችውን ነው። ሰው ግልገሉን ወዲያው ወስዶ አጥቦ አድርቆ ሲመልስ ብዙ ጊዜ አልቀበልም የምትለው ለዚህ ነው። ብርድ ከሆነና ሁለተኛው እየመጣ ከሆነ ብቻ የመጀመሪያውን በፎጣ አግዛለሁ፣ እዛው ፊቷ ላይ።

ጓንት አድርጉ። ይሄን እንደ ቅንጦት የሚያዩ ሰዎች አሉ ግን ብሩሴሎሲስ፣ ኪው ፊቨር የሚባሉ በሽታዎች በሽርት ውሃውና በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ነፍሰ ጡር ሴት በፍጹም ማዋለድ ላይ መግባት የለባትም፣ እንግዴ ልጁንም ሆነ የቆሸሸውን ጉዝጓዝ መንካት የለባትም፣ ጽንሱን ሊያስወርድ የሚችል ነገር ስላለበት። ባለቤቴ አርግዛ በነበረበት አመት ጉረኖው በር ላይ እንኳን አላስደርሳትም ነበር። ወተቱንም አፍልታችሁ ጠጡ።

እትብቱ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይበጠሳል። ረጅም ከሆነና መሬት ከነካ አራት ጣት ያህል አስቀርቼ በንጹህ ክር አስሬ እቆርጠዋለሁ፣ ከዛ 7% አዮዲን ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ እትብቱን ሙሉ በሙሉ እነክረዋለሁ። ከላይ መርጨት አይበቃም፣ ዙሪያውን መንካት አለበት። በዛው ቀን ማታና በነጋታው እደግመዋለሁ። ይሄን የዘለለ ሰው ከሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያበጠና የሚያነክስ ግልገል ያጋጥመዋል፣ ጀርሙ በእትብቱ ገብቶ መገጣጠሚያው ላይ ስለሚቀመጥ፣ ማዳኑ ደግሞ ከባድ ነው።

ከዛ ወደ ጡት። ይሄ ጽሁፌ ዋና ነገሩ እዚህ ጋር ስለሆነ ታገሱኝ። ግቷን በለብ ያለ ውሃ አጥቤ አደርቅና ሁለቱንም ጡት አንድ ሁለት ጊዜ አልባለሁ፣ ሰም የመሰለው ድፍን ይወጣል፣ ቀጥሎ ወፍራም ቢጫ እንገር ይመጣል። ከሁለቱም ካልመጣ አልሄድም። ሲመጣም አየዋለሁ፣ ደም ካለበት፣ እርጎ የመሰለ ቁርጥራጭ ካለበት፣ ወይ ውሃ ከሆነ ግቱ ታሟል ማለት ነው።

እንገሩ ለምን እንደዚህ እንደሚያስቸኩል ላስረዳ። የሰው ልጅ እናቱ ሆድ እያለ ከበሽታ የሚከላከልለትን ነገር በእንግዴ ልጁ በኩል ያገኛል፣ ግልገል ግን አያገኝም፣ ባዶውን ነው የሚወለደው። ያለው በእንገሩ ውስጥ ነው። አንጀቱ ያንን ሳይፈጭ እንዳለ ወደ ደሙ የሚያሳልፈው ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሰአታት ላይ ብቻ ነው፣ በየሰአቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ 24 ሰአት አካባቢ ሲሞላ ተዘግቷል። ስለዚህ ነገ ጠዋት አጠባዋለሁ የሚባል ነገር የለም። እኔ የምሰራበት ሂሳብ በአንድ ኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሶስት ኪሎ የሆነ ግልገል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰአታት ውስጥ 150 ሚሊ መጥባት አለበት፣ እስከ 24 ሰአት ደግሞ ቢያንስ የክብደቱን አንድ አስረኛ፣ ማለትም 300 ሚሊ፣ ከዛ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ደካማ ከሆነና መጥባት ካቃተው ከራሷ አልቤ በጡጦ እሰጠዋለሁ።

እናትየው ከሞተች ወይ እንገር ከሌላት የሌላ ፍየል እንገር ይሆናል፣ እሱም ከጠፋ የላም እንገር ይጠቅማል። ብዙ ከምትሰጠኝ ፍየል ላይ ትንሽ ቀንሼ በትናንሽ ፕላስቲክ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ሁለት ግልገል አድኖልኛል። ስታቀልጡት እሳት ላይም ማይክሮዌቭ ውስጥም አታድርጉት፣ ጥቅሙ ይጠፋል፣ ለእጅ የሚመች ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡትና ቀስ ብሎ ይቅለጥ።

መጥባቱን እንዴት አውቃለሁ ካላችሁ፣ በመጀመሪያ ሆዱን። ከጎድን አጥንቱ ኋላ መዳፌን አስገብቼ እይዘዋለሁ፣ የጠባ ሞላ ያለና ለስለስ ያለ ነው፣ ያልጠባው ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ቆዳውም ይሸበሸባል። ሁለተኛ ጣቴን አፉ ውስጥ ነው፣ ሙቅ መሆን አለበት፣ ጣቴን መሳብም አለበት። ሶስተኛ ከተኛበት ሲነሳ አየዋለሁ፣ የጠገበ ግልገል ሲነሳ ጀርባውን ለጠጥ አድርጎ ይንጠራራል፣ የራበው ግን ጀርባው ጎብጦ ጭንቅላቱን ደፍቶ ይቆማል ወይ ሳያቋርጥ ይጮሃል። መጀመሪያ ይጮሃል፣ በኋላ ዝም ይላል። ዝም ያለውን ፍሩ። እኔ ደግሞ ሚዛን ገዝቻለሁ፣ በየቀኑ በከረጢት አንጠልጥዬ እመዝናለሁ፣ ከሁለተኛው ቀን በኋላ በቀን 100 ግራምና ከዛ በላይ ካልጨመረ የሆነ ችግር አለ ማለት ነው።

ስለ ቀዘቀዘ ግልገል። ቴርሞሜትር ይኑራችሁ፣ በፊንጢጣ የሚለካው ማለቴ ነው። ጤነኛ ግልገል ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ37 በላይ ሆኖ ትንሽ ከቀነሰ አድርቁት፣ አሙቁት፣ እንገር ስጡት፣ ይመለሳል። ከ37 በታች ከሆነ ግን ወተት አትስጡት! መጀመሪያ ይሙቅ። በዛ ሙቀት ላይ አንጀቱ ስራ አቁሟል፣ መዋጥም አይችልም፣ የምትሰጡት ወተት ወደ ሳንባው ነው የሚሄደው። የኔ ትንሹ ግልገል የሞተው እንደዛ ነው።

አምና አንዷ ዝናብ ላይ ሜዳ ወልዳ ግልገሉን ንጋት ላይ አገኘሁት፣ ሁለት ሰአት የማይሞላው ይመስላል፣ 35.2 ነበር። ትልቅ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከአንገት በታች አስገባሁትና ባልዲ ውስጥ 40 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ውሃ አድርጌ ከነከረጢቱ ነከርኩት፣ ጭንቅላቱን በእጄ ከውሃው በላይ ይዤ። ከረጢቱ ቆዳው እንዳይረጥብና የእናቱ ጠረን እንዳይታጠብ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሙቅ እየጨመርኩ አርባ ደቂቃ ያህል ቆየሁ፣ መጀመሪያ ጆሮውን አነቃነቀ፣ ከዛ ጣቴን ሳበ። 38 ሲገባ አውጥቼ እንገር ሰጠሁትና ወደ እናቱ መለስኩት፣ ሸተተችውና ወዲያው መላስ ጀመረች፣ እኔም እንባዬ መጣ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፣ ይሄን ያስተማረችኝ የእንስሳት ሐኪማችን ናት። ግልገሉ ከተወለደ አምስት ስድስት ሰአት ካለፈው፣ ምንም ካልጠባና ራሱን ቀና ማድረግ ካቃተው በሰውነቱ ያለውን ስኳር ጨርሷል፣ ዝም ብላችሁ ብታሞቁት ያንቀጠቅጠውና ሊሞት ይችላል። እሱ ከማሞቁ በፊት ግሉኮስ በመርፌ ያስፈልገዋል፣ ሆዱ ላይ የሚወጋ ስለሆነ የሚያውቅ ሰው ነው የሚሰራው። ስለዚህ በዛ ሁኔታ ካገኛችሁት መጀመሪያ ስልክ ደውሉ።

የሙቀት አምፖል የምትጠቀሙ ከሆነ በገመድ ሳይሆን በሰንሰለት እሰሩት፣ ከፍ ይበል፣ ጭድ ላይ ከወደቀ ጉረኖው ሙሉ ይቃጠላል። እኔ አምፖሉን ትቼ የእንጨት ሳጥን ነው የምጠቀመው፣ በአንድ በኩል ግልገል ብቻ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፣ ውስጡ ደረቅ ጭድ፣ ተደራርበው ይተኛሉ፣ እናትየውም አትተኛባቸውም። ጉዝጓዙ ከደረቀና ንፋስ ከሌለ ግልገል ብርድ ይችላል፣ የማይችለው እርጥበትንና ከስር የሚገባ ንፋስን ነው። ንፋሱን ለማወቅ ቆማችሁ አይደለም፣ እነሱ የሚተኙበት ከፍታ ላይ እጃችሁን አስቀምጡ።

ወደ እናትየው እንምጣ፣ ብዙ ሰው እሷን ይረሳታል። ከወለደች በኋላ በጣም ይጠማታል፣ ለብ ያለ ውሃ ባልዲ ሙሉ አቅርቡላት፣ ትንሽ ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ) ጠብ ካደረጋችሁበት ደስ ብሏት ትጠጣለች። ጥሩ ድርቆሽ እንደልቧ። እህል ግን ወልዳለች ብላችሁ አንዴ አታትረፍርፉላት፣ ሆዷን ያበላሸዋል፣ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ድረስ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ካመነዠከች ደህና ናት። ካልበላች፣ ጆሮዋ ከቀዘቀዘ፣ መነሳት ካቃታት ወይ ከተንገዳገደች የካልሲየም ወይ የጉልበት እጥረት ሊሆን ይችላል፣ ያ ሰአታት የማይሰጥ ነገር ስለሆነ ሐኪም ጥሩ።

እንግዴ ልጁ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰአታት ውስጥ ይወርዳል። አትጎትቱት! ተንጠልጥሎ ሲታይ ያጓጓል አውቃለሁ፣ ግን ሲጎተት ማህጸኗን ሊቀድ፣ ደም ሊያፈስ ወይ ተቆርጦ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ከወለደች 12 ሰአት ካለፋት ሐኪም እጠራለሁ። ሲወርድ ሙሉ መሆኑን አይቼ በጓንት አንስቼ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እቀብረዋለሁ፣ ውሻ እንዳያወጣው። አንዳንዷ ራሷ ትበላዋለች፣ ተፈጥሮ ነው፣ አትደንግጡ፣ ግን አንቆ ሊይዛት ስለሚችል እኔ ብወስድ እመርጣለሁ።

ከዛ በኋላ እስከ ሁለት ሶስት ሳምንት ቀይ ቡናማ ፈሳሽ ጅራቷ ስር ታያላችሁ፣ ችግር የለውም፣ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የሚያሰጋው የሚሸት ከሆነ ነው። ሽታው ከተቀየረ፣ ምግብ ካቆመችና ሙቀቷ ከ40 በላይ ከሆነ ማህጸኗ ቆስሏል ማለት ነው፣ መድሃኒት ያስፈልጋታል።

ልጇን አልቀበልም ያለችዋን እናት በተመለከተ፣ ጥቁሯ ፍየሌ ሶስት ወልዳ ሁለቱን ስታጠባ አንዷን ግልገል በቀንዷ እየወጋች አባረረቻት። መጥፎ እናት ናት ብዬ ተናድጄባት ነበር። የጎረቤታችን አሮጊት፣ እማማ ነው የምንላቸው፣ መጡና «ቆይ ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ ጡቷን ዳብሳት» አሉኝ። ስዳብሳት የግራው ግት ትኩስና ጠጣር ነው፣ ስነካው ዘለለች። ለካ ግልገሏ የምትሄደው ወደዛ ጡት ነበር፣ ህመሟን ነው እንጂ ልጇን አልነበረም የጠላችው። ማስታይተስ፣ ማለትም የግት በሽታ ነበር፣ ሐኪሟ መድሃኒት ሰጠቻት፣ እኔ ደግሞ በቀን አራት ጊዜ በሙቅ ፎጣ እያሸሁ ያንን ጡት አለብኩላት፣ የታለበውን ደፋሁት። እየዳነች ስትሄድ በየአራት ሰአቱ አንገቷን አሳጥሬ አስሬ፣ ፊቷ ላይ መኖ አስቀምጬ፣ ግልገሏን በደህናው ጡት በኩል አጠባ ጀመር፣ ሌሊትም ጭምር። የራሷን ወተት ግልገሏ ጀርባና ጅራት ስር እቀባላት ነበር፣ እናት የምትሸተው እዛ ጋር ስለሆነ። ወተቱ በሆዷ አልፎ ሲወጣ ጠረኗ እንደሌሎቹ ይሆናል። አራተኛው ቀን ሳላስራት ቆማ አጠባቻት። ስለዚህ እናት ስትራገጥ መጀመሪያ ግቷን ዳብሱ፣ የግልገሉም ጥርስ ስል ሆኖ ጡቷን አቁስሎት እንደሆነ እዩ።

ሁሉም ግን አይሳካም። ሳምንት ሙሉ ታግዬ እምቢ ያለችም አለች፣ ግልገሉን በጡጦ ነው ያሳደግኩት። ጡጦ ስትሰጡ ግልገሉን እንደ ህጻን በጀርባው አታስተኙት፣ በእግሩ ይቁም፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና ያድርግ፣ ልክ ከእናቱ እንደሚጠባው፣ ካልሆነ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ወተቱ 39 ዲግሪ አካባቢ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከአራት እስከ አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ፣ የወተቱን አይነት ደግሞ በአንድ ቀን አትቀይሩ።

የሚወጣውንም እዩ። መጀመሪያ ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ነው፣ ከዛ ቢጫና የሚጣበቅ ይሆናል። ቢጫው ፊንጢጣው ላይ ደርቆ ሊደፍነው ይችላል፣ በሙቅ እርጥብ ጨርቅ አርሳችሁ አንሱለት፣ አትላጡት። ግልገል የሚያምጥ ከሆነ ጅራቱን ማንሳት አትርሱ። ነጭ ወይ ውሃ የሆነ ተቅማጥ በመጀመሪያው ሳምንት ከመጣ ለነገ አይባልም፣ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል።

እናትና ልጆችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት ቀናት ለብቻ ነው የማቆያቸው፣ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ቦታ ይበቃል። ይተዋወቃሉ፣ ሌላ ፍየል አይወጋቸውም፣ እኔም ማን እንደበላና ማን እንዳልጠባ በቀላሉ አያለሁ። መንታና ሶስት ሲሆን ከሁሉ ትንሹን ነው ደጋግሜ የማየው፣ የመጀመሪያውን ሌሊት በየሶስት ሰአቱ እነሳለሁ።

ሌላው ወልዳ ባለችበት ሰሞን የእናትየው ሰውነት የሆድ ትልን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል፣ ትሉ ይበዛል፣ ግልገሎቹን ደግሞ ከእሷ በጠጥ በኩል ነው የሚይዛቸው። የታችኛውን የአይኗን ቆብ ገልጬ አያለሁ፣ ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከነጣ ደም አንሷታል፣ ሐኪሟን አማክሬ በክብደቷ ልክ መድሃኒት እሰጣለሁ። ክትባቱን ደግሞ ከመውለዷ ከአራት ሳምንት በፊት ካስከተባችኋት መከላከያው በእንገሩ ወደ ልጆቹ ይሄዳል፣ የቴታነስና የአንጀት መመረዙ ማለቴ ነው።

ከሶስት ሳምንት በኋላ ተቅማጥ ከመጣ ወተቱ ነው ብላችሁ ወተት አትቀንሱ፣ በዛ እድሜ በብዛት ኮክሲዲያ የሚባል በአይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ነው፣ ከቆሸሸና ከረጠበ ጉዝጓዝ የሚመጣ። በጠጡን አስመርምሩ። መኖና ውሃውን እግራቸውን የማያስገቡበት ከፍታ ላይ ማድረጌ ብቻ እኔ ጋር ትልቅ ለውጥ አምጥቷል።

ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ እናታቸውን እያዩ ድርቆሽ መቆርጠም ይጀምራሉ፣ አትከልክሏቸው፣ ሆዳቸው ማመንዠክ የሚለምደው በዛ ነው። ለስለስ ያለ ድርቆሽና ንጹህ ውሃ እነሱ ብቻ የሚገቡበት ጥግ ላይ አስቀምጡላቸው። ጡት የማስጥለው ከሁለት እስከ ሶስት ወር ባለው ጊዜ ነው፣ ግን በእድሜ ብቻ አልወስንም፣ ድርቆሹን በደንብ የሚበላና ሲወለድ ከነበረው ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል የደረሰውን ነው የምለየው፣ ያልደረሰውን ከእናቱ ጋር ሌላ ሁለት ሳምንት እተወዋለሁ። አሁን የዳለቻዋ የዘንድሮ መንታዎች 19ኛ ቀናቸው ላይ ናቸው፣ ዛሬ ጠዋት ስመዝናቸው አንዱ 5.1 ሌላው 4.6 ኪሎ ሆነዋል፣ ትንሹን ማታ ደግሜ እመዝነዋለሁ።